ስድስት ቃላድ ገመድ

ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.
ከሰላ ድንጋይ በታች፣ ከዋሻው

በዱር ላለኸው፣ ጥይት ለሳተህ ልጄ ለዘርአ ዳዊት፤ እንደምን አለህ? እኔ አለሁ። እናትህ ይመኙሻልም እጇ ተቃጥሎ ትነጫነጫለች እንጂ ደህና ናት።

ለኅዳር ጽዮን ወደ ቤት እመጣለሁ ብለህ ልከህብን ነበር። አትምጣ። ምክንያቱን ልንገርህና ከዚያ እንደ ልማድህ ተከራከረኝ።

እናንተ የጣሊያኑን መኪና ባቃጠላችሁ ማግስት የምሽጉ አዛዥ ገብረ ጻድቅንና ወንድሙን በሩ ላይ ሰቀላቸው። እግራቸው መፈራገጡን ሳይተው በአስተርጓሚ እንዲህ አለን፦ «በምሽጉ ዙሪያ የመነጠርነው እስከ ሦስት ቃላድ ገመድ ነው። ስድስት ይሁን፤ ቤትም ዛፍም እህልም አይቁም። እምቢ ካላችሁ ሌላ አሥር ሰው እሰቅላለሁ።»

ጭቃ ሹሙ ወልደ ሰንበት ወደኛ ዞሮ፣ «ሦስት ሰጥተናል፤ እጥፍ መሆኑ ነው። ከአሥር ነፍስ ይሻላል» አለ። ሁላችንም ተስማማን። ቃላድ ሲጣል የኖረበት አገር ወርዱን አጽንቶ ርዝመቱን ነው የሚቆጥር፤ ገመዱ እጥፍ ሲሆን መሬቱም እጥፍ ነው።

ካስማውን ባንዲራው ሥር ተከሉና ገመዱን እየሳቡ ዞሩ፤ ባንዳዎቹ እሳት ይዘው ተከተሉ። የታጨደው ገብስ ከነነዶው ነደደ። የገብረ ጻድቅ እናት፣ ዐይነ ስውሯ ወይዘሮ አልታየች፣ አልወጣም ብላ ከነቤቷ ነደደች። ወልደ ሰንበት፣ «ኧረ ይህ እጥፍ አይደለም፣ በዛ» እያለ ገመዱን ቢይዝ በሰደፍ ጥርሱን አረገፉት፤ ከዚያ ተኮሱበት። ገመዱን እንደጨበጠ ሞተ።

ያኔ ተማሪ ሳለህ አውድማችን ላይ ቆመህ፣ «አባባ፣ ከመሀል እስከ ዳር ያለውን ገመድ በራሱ አባዛው፤ የወጣውን ደግሞ በሦስት ከአንድ ሰባተኛ አባዛው፤ የክቡ ስፋት ያ ነው» ስትለኝ፣ አስኳላ ልጄን አዞረብኝ ብዬ ስቄብህ ነበር። ዋሻው ስንገባ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በከሰል አሰላሁት። ሦስት በሦስት ዘጠኝ፤ ሃያ ስምንት ከጥቂት ወጣ። ስድስት በስድስት ሠላሳ ስድስት፤ መቶ አሥራ ሦስት ከጥቂት ወጣ። እጥፍ ለቀቅን ብለን አራት እጥፍ ለቀቅን። ድንጋዩን ወርውሬ አለቀስሁ።

አሁን ልብ በል። አንተ የምታውቀው ድንበር ወንዙ ነው። ዛሬ ወንዙም ቤታችንም ክቡ ውስጥ ናቸው፤ ድንበሩ የማርያም ወይራ ነው። ከወይራው ያለፈውን ሁሉ መትረየስ ያጭደዋል። ባለፈው እሑድ አንዲት ሴት የዘር ገብስ ላውጣ ብላ ወደ ጓሮዋ ጉድጓድ ሄደች። ጉድጓዱ አፍ ላይ ጣሏት። ገብረመንፈስቅዱስ ሬሳዋን ላንሣ ቢል ትከሻውን በረቀሱት። እስከ ዛሬ እዚያው ናት።

ልጅህ ደህና ነው። መጀመሪያ የላም ወተት አልለምድ ብሎ ሲጮህ ነበር፤ አሁን እናትህ ጣቷን እየነከረች ታጠባዋለች። አቅፋው ታድራለች።

ይህን የሚያደርስልህ የአልዩ አምባው ነጋዴ ፈረጅ ነው። ስለ ልጅህ እናት ብትጠይቀው አይመልስልህም፤ «ወላሂ አልናገርም» አሰኝቼዋለሁ። በሱ አትቆጣ።

እመቤታችን በጥላዋ ትሰውርህ፤ ጥይትህ አይክሸፍ፤ ልጅህን ለማቀፍ ያብቃህ። ብቻ ከወይራው አትለፍ። እዚያ ውስጥ የአንተ የሆነ ነገር አልቀረም ብዬ መጻፍ ብችል ምንኛ ደስ ባለኝ።

አባትህ
ወልደአረጋይ