ለትንሿ አውሮፕላንህ ማዳመጫ

ልጄ ቻላቸው፣

ስመርቅህ ድምፄን ዘጋህብኝ። ሰላምታው ከዚህ ቀጥሎ ይምጣ፤ እንደምን አለህ? እኛ ደህና ነን። የእናትህ ጉልበት ተሽሎታል፣ ሩዙም ታጭዷል።

አምና ልጠይቅህ ስመጣ ማዳመጫ አጥልቀህልኝ በትንሿ አውሮፕላንህ ከኋላ አስቀመጥኸኝ። ገና ስንነሳ እጄን ዘርግቼ መመረቅ ጀመርሁ። አሜን የሚለኝ ጠፋ። ከፊት አንተና ጓደኛህ ስትስቁ ትከሻችሁ ሲንቀጠቀጥ ግን አያለሁ። ስንወርድ «አባዬ፣ ወሬዎ ስለበዛ ዘጋሁዎት» አልኸኝ። ከአየር ማረፊያው ተቆጣጣሪዎች ጋር በራዲዮ ለመነጋገር ዘግተኸኝ ቢሆን አይከፋኝም ነበር። አርባ ዓመት ወረታ ላይ ራዲዮ የጠገንሁ ሰው ነኝ፤ ያ የተሳፋሪን ድምፅ የሚዘጋው ማብሪያ ለምን እንደተሠራ አውቃለሁ።

አሁን ደግሞ የትኛውን ማዳመጫ ልግዛ ትለኛለህ። በባትሪ ጫጫታ የሚያጠፋውን ግዛ፤ ግን መጀመሪያ ባትሪውን አውጥተህ ሞክረው። ያን ጊዜም ጆሮህን ደህና አድርጎ ካልሸፈነ ተወው። ጎረቤቴ ሳልህ የሩዝ መፈልፈያውን ሲያስነሳ ነው እኔ የጆሮን ዋጋ የተማርሁት። መነጽርህን እንዳደረግህ ለካው። አውሮፕላኗ ውስጥ እርስ በርስ የምትሰማሙበት መነጋገሪያም የእያንዳንዱን ሰው ማይክ ለየብቻ የሚያስተካክል ይሁን፤ አለዚያ የአንዱ ጫጫታ ሁሉንም ይረብሻል።

እናትህን ድምፅህ ናፍቋታል፤ እሑድ ደውልላት። ከወጣህበት ሁሉ እግዚአብሔር በሰላም ያውርድህ። ስለዚያ ቀን ግን ይቅርታ ብትጠይቀኝም አልመልስልህም። ከእንግዲህ በአፌም በብዕሬም አላነሳውም።

አባትህ አንለይ