አጥሬና የየጎፍ ምንጭ መንገድ

ሰኞ፣ የካቲት 7 ቀን 1930

አጥሬ ጉድ ሠራኝ። በየጎፍ ደን ወደ ምንጩ የሚያስወጣውን መንገድ ባለፈው ሳምንት በእሾህ ዘግቼ፣ ዳር ለዳር የተተከሉት ችግኞች አሁን እፎይ ይላሉ ብዬ ነበር። ዛሬ ጠዋት ስወጣ በአንዱ መንገድ ፈንታ አምስት መንገድ! ሰዉ እሾሁን እየዞረ በችግኞቹ መካከል አልፏል። ገና ጉልበቴ ላይ እንኳ ያልደረሱ ጥዶች ናቸው። ስንቱ ተሰብሯል! ተቀምጬ ላለቅስ ምንም አልቀረኝ። ደን ጠባቂ ተብዬ ደኑን ያስረገጥኩት እኔው ነኝ።

ማክሰኞ፣ 8

ጭቃ ሹሙ ከኮምቦልቻ ወጥተው አዩት። «አርብ ተመልሼ አያለሁ። አዲስ የተረገጠ ካገኘሁ ደኑ ለማንም ዝግ ነው፤ ወዳጃውም ይቀራል» አሉ።

ወዳጃው በየሐሙሱ ነው! እስላሙም ክርስቲያኑም ከምንጩ አጠገብ ካለው ወይራ ሥር ተሰብስቦ ዱዓ የሚያደርግበት፤ ሕመምተኛ ያለበት፣ ዝናብ የራቀበት ሁሉ የሚመጣበት። እናቴ እኔን ስታምጥ የተለመነላት እዚያ ነው። ይህን በኔ አጥር ላስቀር?

ረቡዕ፣ 9

ወዳጃውን የሚመሩት ሽማግሌ ሼኽ ዘንድ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ስል ሳቁብኝ።

«ልጄ፣ ሰው እኮ ፍየል አይደለም፤ ወላሂ በእሾህ አይመለስም።»

«ታዲያ በምን ይመለሳል?»

«አጥርህን አንሳ። ነገ እኔ ከፊት እሄዳለሁ። አብሽር።»

ሼኹን ቀድሞ መራመድ በኛ አገር ነውር ነው። ግን ዘወትር እርሳቸው በማለዳ በበቅሎ ይወጣሉ፤ ሰዉ በኋላ በየፊናው ይመጣል። ይህን ከልጅነቴ እያየሁ አንድ ቀን አላሰብኩትም፤ እሾህ ስቆርጥ ከረምኩ! እጄ እስኪደማ አነሳሁት።

ሐሙስ፣ 10

ሼኹ ሰዉ ሁሉ እስኪሰበሰብ ከታች ጠብቀው በእግራቸው ወጡ። አቤት ዝግታቸው! ሁለት እርምጃ፣ እረፍት። ሰዉ ከኋላ በአሮጌው መንገድ አንድ በአንድ ተከተለ። አንድ የኩታበር ነጋዴ በጎን ሊያልፍ ሲል አንዲት ባልቴት በጋቢው ጫፍ ጎተቱት፤ «የት ልትደርስ? ዱዓው እንደሁ ያለሳቸው አይጀመር!» ሳቄን ዋጥኩ።

ከዱዓው በኋላ ሼኹ፣ «ከዛሬ ወዲያ ከዚህ መንገድ የወጣ ከዱዓችን ወጥቷል» አሉ። ሰዉ «አሚን!» አለ። ሲወርዱም እንዲያው፤ አንድ ችግኝ አልተነካም።

አርብ፣ 11

ጭቃ ሹሙ መጡ። ጎንበስ እያሉ ችግኙን አንድ ባንድ አዩ። አንድ ሰባራ አንስተው «ይሄስ?» አሉኝ። «ያለፈው ሳምንት ነው፣ ጌታዬ፤ ይዩት፣ ደርቋል።» አገላብጠው አዩና ጣሉት። እንሂድ ይላሉ ስል እዚያው ቆሙ።

«ሐሙስ ልጄን ይዣት ብመጣስ?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ከገና ወዲህ ታማብኛለች።»

ቂሜን ሁሉ ረሳሁት። «ይምጡ እንጂ» አልኳቸው። «ግን ከሼኹ ኋላ ነው፤ ቶሎ አይደረስም።»

«ግድ የለም» አሉ። «አዝያት እወጣለሁ።»