በቁምህ ያወጣሁት ተዝካር

ካንቶን ላለኸው ልጄ ለቱየን፤ የአያቶችህ መንፈስ ጥላ ይሁንህ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጎሿም ወልዳለች።

ጭቃ ሹሙ መጥቶ፣ «ሴትዮ፣ ልጅሽ ቻይና ሄዶ ፈረንሳይን ከአገራችን ማባረር ይማራል አሉ» ቢለኝ፣ «ሞቷል» አልኩት። እንዲያምነኝም ተዝካርህን አወጣሁ። ስምህን ጽፌ ከአያቶችህ ስም ጎን አስቀምጬ ሩዝና እንቁላል አቀረብኩልህ። ተቆጣህ? ተቆጣ!

ፈረንሳዮቹ ስብሰባ ከልክለዋል፤ ተዝካር ግን አልከለከሉም። የቻይና ገበሬዎች ማኅበር አቁመው ለባለመሬት አንገዛም አሉ ብለህ የላክህልኝን ወሬ ለመንደሩ ያወራሁት እዚያው ነው። አክስትህ ኛን፣ «እነሱ ከቻሉ፣ እኛ እጃችን ተቆርጧል እንዴ?» አለች። ጭቃ ሹሙ ደጅ ተቀምጦ ዳክዬዬን ሲግጥ፣ እኛ ጓዳ ውስጥ ማኅበራችንን አቆምን። ለመጪው የሩዝ ተከላ የባለመሬቱን ማሳ የሚረግጥለት ሰው የለም። የት አባቱ! ራሱ ጎንበስ ብሎ ይትከል።

አንተ ብቻ በደንብ ብላ፤ ብርዱን አትናቀው፤ አስተማሪዎችህ ያሉትን ሁሉ ግን እሺ አትበል፣ አገርህን የምታውቀው አንተ ነህ።

የረገጥከው መሬት ይለምልምልህ። አንድ ነገር ልለምንህ፦ ለሙት ዓመትህ ና። ጭቃ ሹሙንም ጠርቼዋለሁ።

እናትህ