በአሸዋው መሻገሪያ ጥሩምባ ማሰማት ክልክል ስለመሆኑ

ለተከበሩ የመንገድ ምልክት ተከላና የመንጃ ፈቃድ የጽሑፍ ፈተና ክፍል ኃላፊ
ድሬዳዋ

ክቡር ሆይ፣ ለመንጃ ፈቃድ ፈተና መጽሐፍ ገልጦ ሲያጠና «ቆይ፣ ይህ የተጻፈው ለየትኛው ከተማ ነው?» ብሎ ያልጠየቀ ሰው ይኖር ይሆን? እኔ ከጠየቁት አንዷ ነኝ። መልሱ ያለው እርስዎ ዘንድ ብቻ ስለሆነ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ሙሉ ጤና፣ በተለይም ለጆሮዎ ፍጹም ዕረፍት እየተመኘሁ፣ በዚህ ወበቅ ቢሮዎ ቀዝቃዛ፣ ስብሰባዎም ያልተቋረጠ እንዲሆን ያለኝን ምኞት በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ።

ስሜ ካውሰር ይባላል። በሎጂስቲክስ የተመረቅሁ፣ ዲግሪዬን በፕላስቲክ አስለብጬ ሥራ ስፈልግ የከረምሁ ነኝ። አሁን ግን ተስፋዬ ደርሷል፤ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ያለ አንድ ፋብሪካ «መንጃ ፈቃዱን ይዘሽ ነይ፣ ፒካፑን ተረከቢ» ብሎኛል። ሐሙስ እፈተናለሁ። ከእንቅልፌ ስነቃ እንኳ እጄ ማርሽ ሲፈልግ አገኘዋለሁ። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ፈተናዎን ለመንቀፍ ሳይሆን ለማለፍ ከመጓጓት የተነሣ መሆኑን ይረዱልኝ ዘንድ እለምናለሁ። ግራ ያጋቡኝ ነገሮች የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፦ መጽሐፉ አደባባይ ውስጥ ላለው ተሽከርካሪ ቅድሚያ ስጥ ይላል። ሰጠሁ። አደባባዩ ውስጥ ያለው ባጃጅ ግን ቆሞ ተሳፋሪ ይጠራ ስለነበር፣ እኔም በትዕግሥት ስጠብቅ፣ ከኋላዬ ያሉት «አቦ፣ ልትነጂ ነው ወይስ አደባባዩን ልትከራዪው ነው የመጣሽው?» እያሉ አመሰገኑኝ። አባታቸው የባቡር ነጂ የነበሩት አሰልጣኜ አቶ ሣህሉ ግን አልተቆጡም። «ልጄ፣ መጽሐፉ ለፈተናው ነው፤ ለመንገዱ ዓይንሽ አለልሽ። ሁለቱ የተስማሙበት ቀን ካጋጠመሽ ለእኔም ደውዪልኝ» ብለው አለፉት። እስካሁን አልደወልሁም።

ሁለተኛ፦ ክፍልዎ በቅርቡ ያስቀባው የእግረኛ ማቋረጫ በአንደኛው ጫፍ የሚያበቃው ግንብ ላይ ነው። እግረኛው ተሻግሮ ግንቡን ሲደርስ ምን እንዲያደርግ እንደታሰበ መጽሐፉ ስላላብራራ፣ ጥያቄው ሐሙስ እንዳይመጣብኝ ብቻ እጸልያለሁ።

እነዚህ ሁለቱ ቀልድ ናቸው፤ ቢስቁባቸውም አልቀየምም። ሦስተኛው ላይ ግን አብረን መሳቅ የምንችል አይመስለኝም።

ሦስተኛ፦ ክቡርነትዎ ለከተማው አዲስ ስለሆኑ ይህን ያስረዳዎት ሰው ምናልባት አይኖርም። ከቀፊራ ገበያ በላይ ያለው አሸዋ፣ ማለትም ደረቁ የወንዝ መውረጃ፣ በበጋ መንገዳችን ነው። ባጃጅ ያቋርጠዋል፣ ጋሪ ያቋርጠዋል፣ ቅመምና ሽንኩርት የተሸከሙ እናቶች በእግራቸው ይሻገሩታል፤ በድልድዩ መዞር ሩቅ ነውና። ክረምት ሲገባም ብዙው ሰው ይህን ልማዱን አይተውም። ጎርፉ ሲመጣ ደግሞ ከእኛ ሰማይ አይመጣም። እዚህ ፀሐይ አናት እየበሳች፣ ዝናቡ ከደንገጎ በኩል ተራራው ላይ ይዘንባል፤ ውሃው ጠጠርና ግንድ እያንከባለለ በአሸዋው ይወርዳል። አሸዋው ላይ ያለ ሰው ቀና ብሎ ቢያይ የሚያየው ጥርት ያለ ሰማይ ብቻ ነው።

ስለዚህ ማንም ያልጻፈው አንድ ሕግ አለን። ከላይኛው መሻገሪያ ውሃውን ያየ ሾፌር ክላክሱን ረጅም አድርጎ ይነፋል። የሰማው ቀጣዩ ሾፌር ይቀበለዋል፤ ከእሱም ሌላው፣ እንዲህ እየተቀባበለ እስከ ቀፊራ ይወርዳል። አሸዋው ላይ ያለ ሰው ማን እንደነፋ፣ ለምን እንደነፋ አይጠይቅም፤ ዕቃውን ጥሎ ይወጣል። ኦሮምኛ ተናጋሪውም፣ ሶማሊኛ ተናጋሪውም፣ አማርኛ ተናጋሪውም ያለ አስተርጓሚ የሚረዳው አንድ ቋንቋ ይህ ነው። በቀልድ የነፋ ሰው ጫት በሚቃምበት በርጫ ላይ ቦታ አያገኝም፤ ወዳጆቹም ይዘጉታል።

ክፍልዎ አሸዋው ዳር ወዳለው አዲሱ ሕንፃ ሲዛወር ክላክስ ስብሰባ እያወከ እንዳስቸገረዎት ሰምተናል፤ ከልብ አዝነናል። በየመሻገሪያው አፍ ላይ በቀይ ክብ ውስጥ የተሰረዘ ጥሩምባ ሲተከልም አየን። ውብ ምልክት ነው። ቀለሙ በማታ ሳይቀር ያበራል። ቅጣቱም ወዲያው ስለተጀመረ ሥራዎ እንደሚሰምር ማንም አልተጠራጠረም።

ደግሞም ሰምሮልዎታል። ሐምሌ በገባ ሰሞን አሸዋ በኢሱዙ የሚያመላልሰው አብዲቃድር ከላይ ሆኖ ውሃውን አየ። ቡናማ፣ እንደ ግንብ የቆመ ውሃ። ባለፈው ሳምንት ስለነፋ ተቀጥቶ ነበርና አሁን ምልክትዎን አከበረ፤ በክላክሱ ፋንታ የፊት መብራቱን ደጋግሞ አበራ። የእርስዎ መጽሐፍ ያልጻፈውን ይህንንም ልንገርዎ፤ በእኛ መንገድ መብራት ብልጭ ያደረገልህ ሾፌር «ከፊትህ ትራፊክ ፖሊስ አለ» ማለቱ ነው። ስለዚህ መብራቱን ያዩት ሁሉ እንደ ጨዋ ዜጋ ሆኑ። ቀበቶ ያላሰረው ቀበቶውን አሰረ። ታላቅ ወንድሜ ጦልሃ ባጃጁን አሸዋው መሐል አዘገመ፣ መንጃ ፈቃዱን ከኪሱ አወጣ፣ ትርፍ የጫነውን ተሳፋሪ «ዋርያ፣ ውረድና በእግርህ ተሻገር፣ ወዲያ ማዶ እጭንሃለሁ» አለው። ሁሉም ሕግ አክብሮ፣ ቀስ ብሎ፣ ጎርፉን ጠበቀው።

ጦልሃና ከኋላው የተሳፈረችው ቅመም ነጋዴዋ አዴ ናፊሳ የዳርቻውን ዛፍ ሥር ይዘው ወጡ። የወረደው ተሳፋሪም ሮጦ አመለጠ። ባጃጁን በማግስቱ ተገልብጦ፣ እስከ መሪው አሸዋ ጠጥቶ አገኘነው። ከፊታቸው የነበረው ጋሪ ከነፈረሱ ሄደ፤ ባለጋሪው ልጓሙን ለመፍታት ሲታገል ሰዎች በግድ ጎትተው አወጡት። አዴ ናፊሳ እስከ ዛሬ የምትናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ውሃው መምጣቱን ያወቅሁት እግሬ ከረጠበ በኋላ ነው።» አብዲቃድርን ሰዎች ሲጠይቁት «ወላሂ እጄ ክላክሱ ላይ ነበር። ያን ቀይ ነገር አየሁት። እጄ በራሱ ጊዜ ወደ መብራቱ ሄደ» አለ። በርጫ መምጣት ትቷል። ማንም አልከለከለውም።

ምልክትዎ የሰው እጅ እስከ ማዘዝ ስለደረሰ እንኳን ደስ አለዎት። ከዚህ የተሻለ ምልክት በየትኛውም ከተማ ተተክሎ አያውቅም ብል ማጋነን አይሆንም።

አሁን ወደ ፈተናዬ ልመለስ። በቢሮዎ ኮምፒውተር ስለማመድ ይህ ጥያቄ መጣልኝ፦ «ይህ ምልክት በተተከለበት ቦታ አሽከርካሪ ጥሩምባ የሚያሰማው መቼ ነው?» ምርጫዎቹ ሀ፣ ለ፣ ሐ እና መ ነበሩ። ሐ «ለሕይወት አስጊ አደጋ ሲመለከት» ይላል፤ መ ደግሞ «በምንም ሁኔታ አያሰማም።» «ሐ»ን ስነካ የኮምፒውተሩ ማያ ቀላ። የክፍልዎ ባልደረባ ሃኒ በደግነት ጠጋ ብላ «እህቴ፣ እዚህ ጋ አትከራከሪ። መልሱ መ ነው። ማለፍ ትፈልጊያለሽ አትፈልጊም?» አለችኝ። እፈልጋለሁ። በጣም እፈልጋለሁ።

ጦልሃ ያን ባጃጅ ጠግኖ ከሰኞ ጀምሮ እንደገና አሸዋው ላይ ነው፤ ሌላ መንገድም ሌላ እንጀራም የለውም። ሐሙስ እኔ በሕንፃዎ ምድር ወለል፣ ጸጥታ እንዳይደፈርስ ተብሎ መስኮቱ በተዘጋው የፈተና ክፍል ውስጥ እቀመጣለሁ። በመስታወቱ ወንድሜ ሲሻገር ይታየኛል። ደንገጎ ላይ ደመናው ይህን ስጽፍ ጠቁሯል፤ ሰሞኑን እንዲህ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ይጠቁራል፣ እኛ ጋ ግን ጠብ አይልም። ጥያቄው ማያው ላይ ይመጣል። እኔም «መ»ን እነካለሁ፤ አረንጓዴም ይበራልኛል። ያን ጊዜ ከላይ ያለው ሾፌርም እንደ እኔ መልሱን በትክክል ያጠና እንደሆነ፣ ክፍሉ ውስጥ ያለን ሁላችን በሰላም ተፈትነን እንጨርሳለን።

ካለፍሁ፣ እርስዎ በሚሰጡኝ ፈቃድ፣ ውሃ ባየሁ ቀን የምነፋው እኔ መሆኔን ከአሁኑ ይወቁልኝ። የቅጣት ወረቀቱን በክብር እቀበላለሁ፤ ከዲግሪዬም አጠገብ እሰቅለዋለሁ።

ስለሆነም ከሐሙስ በፊት አንድ መስመር መልስ ይጻፉልኝ ዘንድ እማጸናለሁ፦ ሐ ነው ወይስ መ? ቅጂውን ቀፊራ ገበያ ስለምለጥፈው፣ አሸዋውን የምትሻገሩ፣ ልጅ ወይም እናት የምታሻግሩ የከተማዬ ሰዎችም መልሳችሁን ከዚህ ደብዳቤ ሥር ጻፉልኝ። ኃላፊው ክላክስ ባይሰሙም ጽሑፍ ያነባሉ ብዬ አምናለሁ።

የሰላማዊ ስብሰባዎ አክባሪ፣ የምልክትዎ አድናቂ፣ የሐሙስ ተፈታኝዎ
ካውሰር፣ የጦልሃ እህት

ማሳሰቢያ፦ ሾፌርዎ የእርስዎን መኪና ቀትር ላይ የሚያቆሙት ከሕንፃዎ ፊት ካለው ምልክት ሥር፣ አሸዋው ላይ ካለው ጥላ መሆኑን ሳይ ሰላም አልኋቸው። ወንበሩን አጋድመው ጥቂት ያሸልባሉ። «አይፈሩም?» ብዬ ብጠይቃቸው «ምን እፈራለሁ ልጄ፣ ድሮ የሚቀሰቅሰኝ ክላክስ ነበር። አሁን አለቃችን ዝም አሰኙልኝ» አሉኝ። እጅግ ያመሰግኑዎታል።