ደርቆ ስለሚኖረው የመዋኛ ገንዳ ማጽጃ

ለተከበሩ አቶ ማቲዎስ ተክለብርሃን
የባሕር ዛፍ ጥላ የጤናና የመዝናኛ ማዕከል ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ለአውቶማቲክ የገንዳ ማጽጃው የተሟላ ጤንነት እመኛለሁ። የማሽኑ ጤንነት እንኳ ብዙም አያሰጋኝም፤ ከተገዛ ጀምሮ የሠራው ሥራ የሚያደክም ስላልሆነ በመልካም ሁኔታ ላይ እንደሚገኝ እገምታለሁ።

እኔ ከሲግናል ሰፈር ከፍ ብሎ፣ ከማዕከልዎ አጥር ጀርባ የምኖር፣ ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ባለቤቴን ወይዘሮ ብዙነሽን አምና ስትሮክ መትቷት ግራ እግሯ ስለደከመ፣ ሐኪሟ በሳምንት ሦስት ጠዋት ውኃ ውስጥ እንድትራመድ አዘዙላት። በእርስዎ ገንዳ የዳሩን ብረት ይዛ መራመድ ጀመረች፤ በስድስተኛው ወር ብረቱን ለቅቃ አራት እርምጃ ሄደች። ገንዳው የተዘጋው በዚያው ሳምንት ነው። ይኸው አራት ወር ሆነ፤ እግሯ ወደ ነበረበት እየተመለሰ ነው፤ እኔም ፈርቻለሁ። ይህን በግልጽ ካስቀመጥኩ በኋላ ወደ ምስጋናዬ እገባለሁ።

አንደኛ፣ ማሽኑ ስለተመረጠበት ጥበብ አመሰግናለሁ። የምርጫ ኮሚቴው መገናኛ በሚገኝ አንድ አዳራሽ ሦስት ጊዜ ተቀምጦ ሲመክር ገንዳውን አንድም ጊዜ መጥቶ አለማየቱ ከአድልዎ የጸዳ ውሳኔ ለመስጠት እንደረዳው አምናለሁ። መጥቶ ቢሆን ኖሮ የገንዳው ርዝመት ሃያ አምስት ሜትር መሆኑን፣ ወለሉ ወደ ጥልቁ በኩል ማዘንበሉንና ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ የባሕር ዛፍ ቅጠል እያመጣ እንደሚያራግፍበት አይቶ ሐሳቡ ይከፋፈል ነበር። አሁን ግን የኤሌክትሪክ ገመዱ አሥራ ሁለት ሜትር የሆነ፣ ለዝርግ ወለል የተሠራ፣ የቆሻሻ ማጠራቀሚያውም ለደቃቅ አቧራ እንጂ ለቅጠል ያልታሰበ ማሽን አግኝተናል። ሪባን በተቆረጠ ዕለት እኔም ከሰው ጋር አጨብጭቤያለሁ። ማሽኑ የገንዳው አጋማሽ ድረስ ሄዶ ገመዱ ሲያልቅበት ቆመ፤ በሩብ ሰዓት ውስጥም በቅጠል ታፈነ። ያን ጊዜ ንግግር ላይ ስለነበሩ አላዩት ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ስለ ንብረት አያያዝዎ። ማሽኑ መለያ ቁጥር ተለጥፎበት፣ በቋሚ ንብረትነት ተመዝግቦ መጋዘን መግባቱ እንደ ባለሙያ የሚያኮራኝ ነው። ለማውጣት የጠያቂ፣ የፈቃጅና የአስረካቢ ፊርማ እንደሚያስፈልግም የንብረት ክፍል ኃላፊዋ ወይዘሮ ሀይማኖት በትሕትና አስረድተውኛል። ፈቃጁ እርስዎ ነዎት፤ አስረካቢዋ እሳቸው ናቸው፤ ጠያቂው የገንዳ ጽዳት ሠራተኛው ነው። የገንዳ ጽዳት ሠራተኛው ደግሞ አሥራ ሁለት ዓመት ገንዳውን ዘንግ ባለው መረብ ሲያጸዱ የኖሩት አቶ ሣህሌ ሲሆኑ፣ ማሽኑ በመገዛቱ የሥራ መደባቸው ተሰርዞ ወደ በር ጥበቃ ተዛውረዋል። ስለዚህ ማሽኑ እንዲወጣ የሚጠይቅ ሰው የለም፤ ጠያቂውን ያሳጣንም ማሽኑ ነው። በአገልግሎት ዘመኔ ብዙ ንብረት ቆልፌያለሁ፤ በራሱ ላይ የቆለፈ ንብረት ግን አይቼ አላውቅም።

ሦስተኛ፣ እንግዶች ለጉብኝት የመጡ ዕለት ማሽኑ በልዩ ትእዛዝ ወጥቶ ነበር። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ውኃ ገባ፤ እርጥብ ዕቃ መጋዘን ስለማይገባ ለመድረቂያ ጊዜ እንዲያገኝ አምስት ሰዓት ላይ ተነሣ፤ ከዚያ እስከ አሥር ሰዓት ፀሐይ ላይ ተሰጣ። ልጄ ሰላማዊት ከማሽኑ ጋር የመጣውን መመሪያ አንብባልኛለች፤ ፀሐይ ላይ መተው ክልክል ነው ይላል። በዚህ ግን አልወቅስዎትም። እኔ ራሴ በአንድ ክረምት የጥበቃዎችን የዝናብ ካፖርት እርጥብ ነው ብዬ አልረከብም ያልኩ ሰው ነኝ። ሰዎቹ ካፖርቱ እስኪደርቅ በረንዳው ላይ ቆመው ሲጠብቁ አይቻቸዋለሁ፤ ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ።

አራተኛ፣ በሩ ላይ ስላለው ማስታወቂያ። ገንዳው በአውቶማቲክ ማሽን በመጽዳት ላይ ስለሆነ ለጊዜው አገልግሎት አይሰጥም ይላል። ፓምፑ ይሠራል፣ ክሎሩም በየጠዋቱ ይጨመራል፤ የተዘጋው ወለሉ ላይ የተኛው ቅጠል ስለሚያንሸራትት ብቻ ነው። ባለቤቴ በከዘራ እየመጣች ማስታወቂያውን አንድ ወር አነበበችው። አሁን መምጣቱን ትታለች።

ሥራ ፈት ጡረተኛ ነኝና ትንሽ ምክር እንድጨምር ይፈቀድልኝ። ማሽን ከመመረጡ በፊት ገንዳው ይለካል፤ የገመዱ ርዝመት ለገንዳው ይበቃል፤ ማጠራቀሚያው ገንዳው ላይ የሚወድቀው ቆሻሻ ታይቶ ይመረጣል። ሲሠራም ትልልቁ ቅጠል አስቀድሞ በመረብ ይነሣል፤ ዋናተኛ በሌለበት ሁለት ሰዓት ያህል ይሠራል፤ ማጣሪያው ከእያንዳንዱ ሥራ በኋላ ይታጠባል፤ ከዚያ ጥላ ውስጥ ይቀመጣል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ሰው ነው። ስለዚህ የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አቶ ሣህሌን ወደ ሥራ መደባቸው ይመልሷቸውና ማሽኑን የሚጠይቅ ሰው ይኑር።

ማሽንዎ እንዳይረጥብ፣ ማኅተምዎ እንዳይደርቅ ከልብ እየተመኘሁ፣ ጊዜዎን በዚህ ጥቃቅን ጉዳይ ስለተሻማሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
ለተጊዮርጊስ ነአምን
የቀድሞ የንብረት ክፍል ሠራተኛ፣ የአሁን የአጥር ጀርባ ጎረቤትዎ

ግልባጭ፦ ለማሽኑ፣ በመጋዘን

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ጽፌ ከመላኬ በፊት፣ አቶ ሣህሌ ሦስት ጠዋት ፈረቃቸው ሳይጀምር በራሳቸው መረብ ቅጠሉን ለቅመው ወለሉን በብሩሽ ጠርገውታል። ስማቸው እንዲጻፍ የፈለጉት ራሳቸው ናቸው። ማን አስገባቸው ብለው እንዳይቸገሩ፣ የበሩን ቁልፍ የሰጧቸው እርስዎ ነዎት። በቋሚ ንብረት መዝገብ ላይ ስለሌሉም እሳቸውን ለማውጣት የማንም ፊርማ አላስፈለገም። ብዙነሽ ቅዳሜ ጠዋት ገብታ ብረቱን ለቀቀችና ሁለት እርምጃ ሄደች፤ ሁለቱ የቀሩት በእርስዎ መጋዘን ነው። ከውኃው ወጥታ እየተንጠባጠበች በሩ ላይ ስትደርስ አቶ ሣህሌ ፎጣ ይዘው ቆመው ነበር፤ ሳይደርቁ አያልፉም አላሏትም።