አማቼና የካርቶኑ ግድግዳ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ከሥራ በጊዜ ወጣሁ። የብረት መደገፊያውን ገዛሁ፤ አንድ ሜትር፣ ነጭ። ኮሪደሩ ላይ ነው የሚገጠመው፣ ከትንሿ ክፍል ወደ መታጠቢያ ቤት በሚወስደው ግድግዳ ላይ። ለአማቼ፣ ለባለቤቴ አባት ነው። ባለፈው ወር ብቻቸውን በሚኖሩበት ቤት ወድቀው፣ ጎረቤት እስኪደርስላቸው ሁለት ሰዓት መሬት ላይ ቆዩ። ባለቤቴ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የላትም። ጠቅልለው እኛ ጋ እንዲገቡ ትፈልጋለች። እሳቸው ግን "ሦስት ቀን መጥቼ አያችኋለሁ" ነው ያሉት። ሦስት ቀን! ሐሙስ ይገባሉ።

"ቤቱን እንዲወደው አድርግ" አለችኝ። እንዴት ነው የሚደረገው?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

ገጠምኩት። አራት ብሎን፣ ለብሎኑ ማቀፊያ አራት ፊሸር። በውሃ ልክ ለካሁት፤ ቀጥ ያለ። ራቅ ብዬ አየሁት፣ ቀረብ ብዬ አየሁት። ራሴን አደነቅኩ። ከዚያ... መሞከር አማረኝ። በሁለት እጄ ይዤ ተንጠለጠልኩ።

ጀርባዬን አሁንም ያመኛል። መደገፊያው ደረቴ ላይ፣ የግድግዳው ፍርፋሪ ፀጉሬ ውስጥ። ሁለት ቀዳዳ፤ አንዱ ቡጢ ያስገባል፣ ሌላው ጭንቅላት። ጂፕሰም ቦርድ መሆኑን አውቅ ነበር። ውስጡ ባዶ መሆኑንም አውቅ ነበር። ታዲያ ብሎኑ ምን ነክሶ የሚይዝ መስሎኝ ነው?

ባለቤቴ ብቅ አለች። ቀዳዳውን አየች፣ እኔን አየች። "አባዬ ቢሆን ኖሮስ የተደገፈው?" ሳቋ የመጣው ከራት በኋላ ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ቀለም ሱቅ ሄድኩ። ቁራጭ ቦርድ፣ መረብ ያለው ፕላስተር፣ መለሰኛ ስቱኮ። "ስስ አድርገህ ቀባ" አለኝ ባለሱቁ። "ይድረቅ፣ ድገም፣ ይድረቅ፣ ሠልስ። ካወፈርከው ይሰነጠቅብሃል።"

"ስንት ቀን ይፈጃል?"

"እሱን ግድግዳውን ጠይቀው።" ቀልደኛ ነው።

ተሸክሜ ስመለስ አማቼ ኮሪደሩ ላይ። በአንድ ቀን ቀድመው! ከነባርኔጣቸው ጭንቅላታቸውን ቀዳዳው ውስጥ ከተዋል። አርባ ዓመት በድንጋይ የገነቡ ሰው ናቸው።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ጂፕሰም ነው፣ አባባ።"

"ካርቶን ነው እንጂ! ልጄን ካርቶን ውስጥ ነው የምታኖራት?" በጣታቸው አንኳኩት። "የወረቀት ሠራተኛ፣ የወረቀት ቤት። ገጥማችኋል።"

የምሠራው መዝገብ ቤት ነው።

ባለቤቴ ሻንጣቸውን ወደ ክፍሉ ልታስገባ ስትል፣ "እዚያው በሩ ጋ ይሁን፤ ቅዳሜ ነው የምሄደው" አሏት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

ፈቃድ ወሰድኩ። ቁራጩን ቦርድ ቀዳዳው ላይ ገጥሜ ስቱኮውን ስበጠብጥ ወንበር ስበው ተቀመጡ። አምስት ደቂቃ አልቻሉም። "አምጣ እስቲ ወዲህ!" ስፓቱላውን ነጠቁኝ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ግድግዳው ላይ ሲያርፍ ግን ጸጥ ይላል። ማየቱ ደስ ይላል። ግን ያወፍሩታል! እንደ ድንጋይ ቤት ልስን፣ ጣት አከለ... ባለሱቁ ያለኝ ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ። ባለቤቴ ከጀርባቸው ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። ዋጥኩት።

"እጅዎ ይባረክ፣ አባባ" አልኩ። ውሸታም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

ተሰነጠቀ። ከላይ እስከ ታች፣ ውሃው እንደሸሸው ኩሬ። ከእኔ ቀድመው ተነስተው ፊት ለፊቱ ቆመዋል።

"ብርዱ ይሆናል" አልኩ።

"የምን ብርድ?"

"ወይም ዱቄቱ ተበላሽቶ..."

"ሻጩ ምን ብሎህ ነበር?"

"...ስስ። ሦስት ጊዜ።"

"ታውቅ ነበራ!"

"አውቅ ነበር።"

"እና ቆመህ አየኸኝ! እንዲህ ያለ ረዳት ቢኖረኝ በዕለቱ ነው የማባርረው። ሰው ሲሳሳት ተሳሳትክ ይባላል! እንደ ሕፃን ልታባብሉኝ ነው ያመጣችሁኝ?"

ባርኔጣቸውን አደረጉ። ሻንጣቸውን አነሱ። በሩን ከፈቱ። ባለቤቴ ሥራ ገብታለች። ስትመለስ ምን ልላት ነው? እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም፣ "ተሳስተዋል!" ብዬ ጮህኩ። "ግድግዳዬን አበላሽተው ወዴት ነው? ይምጡና ይፋቁልኝ!"

ዞሩ። ሻንጣውን መልሰው በሩ ጋ አስቀመጡ።

"መፋቂያ አለህ?" አሉ።

እስከ ምሳ ፋቅን። ከዚያ ጆሯቸውን ለጥፈው ግድግዳውን አንኳኩ። "እዚህ ጋ ቦርዱን ያቆመው ብረት አለ። እዚያም አለ። መሀሉ ባዶ ነው። ከብረት እስከ ብረት እንጨት እናስገባ፤ መደገፊያህ እሱን ይያዝ።"

"ቀዳዳውን ልናሰፋ ነው?"

"አስፋው።"

ባለቤቴ ስትመለስ ቀዳዳው መስኮት አክሏል። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ፣ "ተጣልታችሁ ነው?" አለች።

"እየሠራን ነው" አልን፣ ሁለታችንም አቧራ ለብሰን።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

እንጨቱ ገባ፣ አዲስ ቦርድ ተገጠመ። የመጀመሪያው ቅብ። "ወፈረ!" አልኳቸው አንድ ቦታ ላይ። "ዓይን የለህም" አሉ፤ ፋቁት ግን። እኔ ጠርዙን ሳበላሽ "የመዝገብ ቤት እጅ!" ተባልኩ። ስለ መሄድ ማንም አላነሳም። ሳይደርቅ እንዴት ይኬዳል?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ሦስተኛው ቅብ ደረቀ። በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት። ቤቱ በሙሉ ነጭ አቧራ፤ ሻዩ ሳይቀር። መደገፊያውን ገጠምን።

"ተንጠልጠል" አሉ።

ጀርባዬ አላመነም። ተንጠለጠልኩ። ንቅንቅ የለም። ቀጥሎ እሳቸው ይዘው እግራቸውን ከመሬት አነሱ! ባለቤቴ ጮኸች። እሳቸው ሳቁ፤ ከመጡ ሲስቁ የመጀመሪያቸው።

ግድግዳው ግን አለቀ። አሁን ምን ያቆያቸዋል? ሻንጣው አሁንም በሩ ጋ ነው። "ጠይቂያቸው እንጂ" አልኳት። "እምቢ ቢለኝስ?" አለች።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

አልጠየቀችም። እኔም አልጠየቅኩም። ፈሪዎች።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ከሥራ ስገባ ከእኛ በታች ባለው ፎቅ የምትኖረው ልብስ ሰፊ በራችን ላይ ቆማለች። የበሯ እጀታ ግድግዳዋን በስቶታል። "ወፈረ፣ ሳሳ ስትባባሉ ወጥ ቤት የከፈታችሁ መስሎኝ ነበር" አለች። አማቼ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ስፓቱላውን ይዘው ወረዱ፤ እኔ ባልዲ ተሸክሜ ከኋላ። ሐኪም ደረት እንደሚያንኳኳ ግድግዳውን አንኳኩት።

"ሦስት ቅብ ነው። ስስ ስስ። ሳይደርቅ እጅሽን እንዳታሳርፊበት።"

"ሦስት ቀን ሊመላለሱልኝ? ቤትዎ ሩቅ ከሆነ እኮ ላስቸግርዎት ነው፣ አባት።"

"ምን ሩቅ አለው? እዚሁ እላይ ነው።" ወደ እኔ ሳይዞሩ ጨመሩ፣ "ከልጆቼ ጋር ነው የምኖረው።"

ባልዲውን አስቀምጬ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ወጣሁ። ለባለቤቴ ነገርኳት።

"እላይ ነኝ አለ ወይስ እኖራለሁ አለ?"

"እኖራለሁ።"

"በራሱ አፍ?"

አራት ጊዜ አስደገመችኝ። አምስተኛውን ስጀምር ከታች ድምፃቸው መጣ፣ "አንተ! ስቱኮው ሊደርቅብኝ ነው፣ የት ጠፋህ?"