የጋሽ ከድር የጨረታ መኪና

ቅዳሜ፣ ጥር 9

ጎረቤቴ ጋሽ ከድር በጨረታ የገዟት አሮጌ መኪና ዛሬ 18 ማዞሪያ ታክሲ ተራ ደረሰች፤ ተገፍታ። «መኪና ከጨረታ ግዙ፣ ያዋጣል» ብዬ መጽሔት ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። በጨረታው ግቢ ውስጥ ሞተር አስነስቶ መሞከር እንደማይፈቀድ ግን የሰማሁት ዛሬ፣ ከእሳቸው ነው። መቼ ሄጄ አየሁና!

አንዱ ወያላ «ፋዘር፣ ይቺን ከሚገፉ በእኛ ታክሲ አይሄዱም?» ብሎ ሳቀባቸው። እሳቸው እኔን ሲያዩ ፊታቸው በራ። «ነይ የኔ ልጅ፣ መሪውን ያዢልኝ! አንቺ ባትጽፊ እኔ መቼ ባለ መኪና እሆን ነበር?»

ይቅርታ ልጠይቃቸው አስቤ ነበር፤ ገብቼ መሪውን ያዝኩ። በስፖኪዮው ሳያቸው ቁና ቁና እየተነፈሱ ይገፋሉ። ዓይናችን ሲገጣጠም ሳቁልኝ። ስፖኪዮውን ወደ ጣሪያው አዞርኩት።